አዲሱ መጋዘን በራሱ እግር ይቁም

ከቃሊቲ በገላን በኩል ወደ ዱከም ስትወጡ ግራና ቀኙን ልብ በሉ። መጋዘኖቹ ታሪካቸውን በቆርቆሯቸው ላይ ጽፈውታል። ግማሹ ጣሪያ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት አመድ መስሏል፤ ግማሹ ትናንት የተመታ ይመስል ያብለጨልጫል። ከጎኑ ደግሞ ሦስተኛ ቀለም ያለው ዳስ ተለጥፏል። የእኛ አገር መጋዘን እንደ ዘመድ ቤት ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ክፍል ይቀጠልለታል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ቅጥያ ነው። «አገር በዶላርና በፖለቲካ ተወጥሮ ስለ ቆርቆሮ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቆዩ፣ ዶላሩም ፖለቲካውም እዚሁ ጣሪያ ሥር አሉ።

ለምን እንቀጥላለን?

ሰው መጋዘኑን የሚቀጥለው ስለ ጠገበ አይደለም፤ አማራጭ ስላጣ ነው። በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) የከተማ መሬት እንዲገኝ የተወሰነው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። አንዱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሌላው ትዕግሥት። የነጋዴው ዕቃ ግን ዛሬ ደርሷል፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩ የቆመበትን እየቆጠረ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ አለ። እጁ ወደዚያ ቢሄድ ምን ይገርማል?

ሌላም ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። ብሩ በባንክ ተቀምጦ ሲሟሟ ያየ ነጋዴ፣ ብረት አድርጎ ግቢው ውስጥ ቢያቆመው ይመርጣል። ይህን ያደረገን ሰው ሞኝ ልለው አልችልም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብረት በተወደደ ቁጥር ሁላችንም የምንቆጥበው ከማይታየው ነገር ላይ ነው። ቆርቆሮ አይቀነስም፤ ይታያል። የመኪና መግቢያው በርም አይቀነስም፤ ሥራ ያቆማል። የሚቀነሰው መሠረቱ፣ የአፈር ምርመራው፣ የመሐንዲሱ ሒሳብና አዲሱ ኮለን ነው። እነዚህ ሁሉ ሳይኖሩ መጋዘኑ ያው መጋዘን ይመስላል። ለተወሰነ ጊዜ።

«ኮለኑ እንደሆነ ቆሟል»

ሙያዬ የስትራክቸር ምህንድስና ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሰሊጥና ቦሎቄ አበጥረው የሚልኩ አንድ ነጋዴ ጠሩኝ። መጋዘናቸው 15 ሜትር በ40 ሜትር ነው፤ በየ5 ሜትሩ የብረት ኮለን፣ በላዩ ካፕሪያታ፣ ዙሪያውን ብሎኬት። ከተሠራ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጎኑ ላይ ልክ 15 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ግቢ አለ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ የዚያን ጎን ግድግዳ አፍርሶ ሌላ 15 ሜትር መቀጠል።

ሥራውን ሊወስድ የመጣው የብየዳ ባለሙያ ብልህ ሰው ነው። ወደ አሮጌው ኮለን አመለከተና «ኢንጂነር፣ ኮለኑ እንደሆነ ቆሟል። አዲሱን ካፕሪያታ እሱው ላይ እናሳርፈዋለን። ዘጠኝ ኮለን ከነመሠረቱ ተረፈልን ማለት እኮ ነው» አለኝ። ባለቤቱም ፈገግ አሉ። በዛሬ የብረት ዋጋ ዘጠኝ ኮለን ቀልድ አይደለም።

ጠመኔ ወስጄ ወለሉ ላይ ጻፍኩላቸው። «ጋሼ፣ ይህ የዳር ኮለን ዛሬ የተሸከመው የጣሪያውን ግማሽ ነው። 15 ለሁለት ሲካፈል 7 ሜትር ተኩል፣ በ5 ሲባዛ 37.5 ካሬ ሜትር። አዲሱን ካሳረፍንበት ከወዲያም ሌላ 37.5 ይመጣበታል። 75 ካሬ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ሸክሙን በእጥፍ አሳደግነው፤ ለእሱ ግን ምንም አልጨመርንለትም።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ።

ይህን ጥያቄ በሙያዬ ከማንኛውም ጥያቄ በላይ ሰምቼዋለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ ሃያ ዓመት የቆመው በዚያ ሸክም ነው። አንድ ኩንታል ተሸክሞ ሃያ ዓመት የኖረ ወዛደር ነገ ጠዋት ሁለት ኩንታል ይሸከማል ማለት አይደለም። እንዲያውም ሃያ ዓመቱ ራሱ ቀንሶበታል። ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ነው፤ ውኃ ከገባበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ከውጭ ቀለሙ አምሮ፣ ሲሠራ 3 ሚሊሜትር የነበረው ብረት ስንት እንደ ቀረው ሳይለካ አይታወቅም።

አፈሩ የሚያውቀው ነገር

አቃቂና ቃሊቲ አካባቢ ብዙው መሬት መረሬ ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን በአሮጌው ጣሪያ ሥር ያለው አፈርና በግቢው ያለው አፈር አንድ አለመሆናቸውን ነው። አሮጌው ሃያ ክረምት ጣሪያ ሥር ተከልሎ ከርሟል፤ የጠጣውን ጠጥቶ፣ የተጫነውን ተጭኖ ረግቷል። የግቢው አፈር ሃያ ክረምት በዝናብ ሲያብጥ በበጋ ሲሸበሸብ ኖሯል። አዲሱ መሠረት እዚህኛው ላይ ሲያርፍ ገና መስመጥ ይጀምራል፤ ገና ይንቀሳቀሳል። ሁለቱን በብየዳ ስናገናኛቸው፣ የጨረሰውን ሰው ከጀማሪው ጋር በአንድ ገመድ አሰርናቸው ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የምታዩት ሰያፍ ስንጥቅ የዚያ ገመድ ጩኸት ነው።

በዚያ ላይ ቁፋሮው አለ። ከአሮጌው መሠረት ጥግ፣ ከእሱ ጥልቀት በታች ገብቶ መቆፈር ከተኛ ሰው ሥር ፍራሹን እንደ መሳብ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል የተከፈተ ጉድጓድ ከሆነማ ባሰ።

ውኃውስ?

ሁለት ባለ ጉልላት ጣሪያ ጎን ለጎን ሲገናኝ መካከሉ ሸለቆ ይሆናል። ከዚህኛው ጣሪያ 7.5 ሜትር በ40፣ ማለትም 300 ካሬ ሜትር፤ ከዚያኛውም 300። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 30 ሚሊሜትር ያወረደ አንድ የሐምሌ ከሰዓት በዚያች አንዲት አሸንዳ ላይ 18,000 ሊትር ያፈስሳል። ባለ 2,000 ሊትር ዘጠኝ ሮቶ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ያ ጣሪያ ውኃውን ወደ ግቢ ይተፋው ነበር፤ ቢፈስ ጭቃ ይሆናል እንጂ ማንንም አይጎዳም። አሁን አሸንዳው ከመጋዘኑ መሐል፣ ከሰሊጡ አናት ላይ ነው። በረዶ ወርዶ መውረጃውን የደፈነው ዕለት ውኃው የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ለአዲሱ ሰሊጥ ቦታ ሲፈለግ ያለው ሰሊጥ ይርሳል።

«ይቺ ብረት ምን ትሠራለች?»

ከአሮጌው ወደ አዲሱ ፎርክሊፍት ማለፍ አለበት። መንገዱ ላይ ደግሞ በሁለት ኮለኖች መካከል እንደ መስቀል የተጠላለፉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ባለሙያው «ይቺ ብረት ምን ትሠራለች? እንቁረጣት» አለ። እውነት ነው፣ ምንም የተሸከመች አትመስልም። ነፋስ ሲመጣና መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን መጋዘኑ እንደ ካርቶን ወደ ጎን እንዳይተኛ የምትይዘው እሷ ናት። ሥራዋ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ በነዚያ ቀናት ከሌለች ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ ሌሊት ልጆቻችንን ታቅፈን ደጅ የወጣን ብዙ ነን። ያን ሰሞን ሁሉም ስለ ፎቅ ሲያወራ ነበር። ስለ መጋዘን ያወራ አልሰማሁም። ብዙዎቹ አሮጌ መጋዘኖች የተሰሉት፣ ከተሰሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የሕንፃ ደንብ ወይም ከዚያ በፊት በነበረው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሌላ ደንብ ወጥቷል። አሮጌውን ሳይመረምሩ አዲስ የሚቀጥሉበት ሰዎች በድሮ ሒሳብ ላይ የዛሬን ሸክም እየጫኑ ነው።

በሩን ከዘጋችሁት

እስካሁን ያወራሁት ስለ ብረት ነው። ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

ሊፈርስ የታሰበው ግድግዳ ሥር ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይለቅማሉ። እዚያ የተቀመጡት መስኮቱ እዚያ ስለሆነ ነው፤ ብርሃኑ ከዚያ ይገባል፣ አቧራው በዚያ ይወጣል። ትንሿ የብረት በርም እዚያው ናት። ሜትሬን ይዤ ስዞር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቀና ብለው «ልጄ፣ ይህን በር ከዘጋችሁት እኛ በየት ነው የምንወጣው?» አሉኝ።

በወረቀቱ ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ቅጥያው ቢሠራ እነዚያ ሴቶች ብርሃን ከሌለው ሰፊ አዳራሽ መሐል ይቀራሉ፤ ያላቸው መውጫ በፊት ለፊት ያለው የመኪና በር ብቻ ይሆናል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ መኪና ቆሞበታል። በዙሪያቸው ጆንያ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ግንባታው ሲካሄድ ደግሞ ብየዳው የሚሠራው ከዚያ ሁሉ ጆንያ አናት ላይ ነው፤ ሥራ አይቆምማ! አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ጆንያ ውስጥ ገብታ ሰዓታት ጨሳ ሁሉም ከሄደ በኋላ ልትነድ ትችላለች። ያኔ እዚያ ያለው የሌሊቱ ጥበቃ ብቻ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ያየነውን አንረሳም። ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያ መንገድ ማጣት ሥራውን እንዳከበደው ያኔ በሰፊው ተነግሯል። ግቢያችንን እስከ አጥር ድረስ በቆርቆሮ ስንሞላ እያንዳንዳችን የራሳችንን ትንሽ ሸማ ተራ እየሠራን ነው።

ከእኛ ውጭ ያለ ትልቅ ትምህርትም አለ። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ዳካ አጠገብ ሳቫር በምትባል ከተማ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ያለ ፈቃድ የተጨመሩት የላይኛው ፎቆች ናቸው። ለሱቅና ለቢሮ የታሰበ ሕንፃ የልብስ ፋብሪካ ማሽንና ጄኔሬተር ተጭኖበት ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል፤ ታች ያለው ባንክና ሱቆቹ ሰዎቻቸውን አስወጥተው ዘጉ። የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ተመለሱ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሕንፃው ፎቅ ይሁን መጋዘን ነገሩ አንድ ነው። ቅጥያውን የሚወስነው ሌላ ሰው፣ ከሥሩ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው።

ሕጉ ምን ይላል፣ እኛስ?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 «ግንባታ» ሲል አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ አላለም፤ ያለውን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ጨምሮታል። በሁለት የብረት ወይም የኮንክሪት ፍሬሞች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ካለፈም ሕንፃውን «ሀ» ከተባለው ቀላል ምድብ አውጥቶታል። ስለዚህ «ዳስ ነው እኮ»፣ «ቆርቆሮ ብቻ ነው» የሚባለው አነጋገር በሕግ ፊት ውኃ አያነሣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁም (ቁጥር 1156/2011) የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

ሕጉ አለ። የጎደለው ሌላ ነው። እኔ ይዤ በተመላለስኩባቸው የማስፋፊያ ፋይሎች የተጠየቅሁት የይዞታ ማረጋገጫ፣ ከአጥር ያለው ርቀት፣ የአዲሱ ክፍል ፕላን ነው። «አሮጌው እንዴት ነው? ማን መረመረው?» ያለኝ ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው። ፈቃዱ ሲዘገይ ደግሞ ነጋዴው ቅዳሜና እሑድን ጠብቆ ሌሊት ይሠራል። ሌሊት የተሠራን መሠረት ማንም አያየውም። እንግዲህ ወቀሳው ለሁለቱም ወገን ነው፤ ፈቃድን ወራት የሚያጓትት ቢሮ ሰውን ወደ ጨለማ ይገፋዋል፤ በጨለማ የሚሠራም ሰው ቢሮውን ያታለለ ይመስለዋል እንጂ ያታለለው የራሱን ጣሪያ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

አትቀጥሉ አልልም። እንዲህ አድርጉ እላለሁ፦

1. አሮጌውን መጀመሪያ አስመርምሩ። የብረቱ ውፍረት ይለካ፣ አንድ ሁለት መሠረት ተቆፍሮ ጥልቀቱና ስፋቱ ይታይ፣ ፕላኑ ካለ ይፈለግ።

2. አዲሱ የራሱ ኮለን፣ የራሱ መሠረት ይኑረው። ቦታ አጥሮ ጎን ለጎን መሆኑ ግድ ከሆነ እንኳ በመካከላቸው ክፍተት ይተው፤ በብየዳ አይያያዙ።

3. ውኃው ወደ ውጭ ይፍሰስ። ሸለቆ ግድ ከሆነ አሸንዳው ሰፊ፣ መውረጃው ከአንድ በላይ ይሁን፤ ሞልቶ ቢፈስ ወደ ውጭ የሚተፋበት ቀዳዳም ይኑረው።

4. አንድ በር ከመዝጋታችሁ በፊት ሌላ በር ክፈቱ። የሰው በር ከመኪና በር የተለየ ይሁን።

5. ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ከሥሩ ያለው ዕቃ ይነሣ። ሥራው ካለቀ በኋላም ለሰዓታት የሚጠብቅ ሰውና ውኃ ይኑር።

6. መስቀለኛዋን ብረት አትንኩ። መንካት ግድ ከሆነ ሌላ ቦታ ላይ ምትኳ ከታሰረ በኋላ ይሁን።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው? አዎ፣ ወጪ ነው። ጋሼም አጉረመረሙ። ለሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሱም። በመጨረሻ ተስማምተን አዲሱን ከአሮጌው 4 ሜትር አርቀን ለብቻው አቆምነው። 15 ሜትር ይሆናል የተባለው 11 ሜትር ሆነ፤ 160 ካሬ ሜትር ቦታ ቀረባቸው። ዘጠኙም ኮለን ተገዛ። እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር «ያቺን አራት ሜትር በልተህብኛል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የአራት ሜትር ኪራይ በዓመት ስንት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። በዚያች አራት ሜትር ግን የእሳት አደጋ መኪና ይገባል፣ የሁለቱም ጣሪያ ውኃ ይወርዳል፣ ብርሃን ይገባል፣ ትንሿ በርም እንደተከፈተች ናት። ለቃሚዎቹ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ነው።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። ገበሬ አባቶቻችን ምርት ሲተርፋቸው ጎተራውን ከጎኑ ቀደው አልቀጠሉትም። አጠገቡ ሌላ ጎተራ አቆሙ። አንዱን ነቀዝ ቢገባው፣ አንዱን እሳት ቢያገኘው ሌላው ይተርፋል። የዚህ ጥበብ ባለቤቶች ሆነን ሳለ ዘጠኝ ኮለን ለመቆጠብ ሠላሳ ሰው አንድ በር ላይ እናስይዛለን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። ከእናንተ መካከል መጋዘን ያለው፣ ሊቀጥል ያሰበ፣ ወይም በተቀጠለ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ካለ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ያድርግ፤ ከመካከል ቆሞ ወደ ላይ አሸንዳውን፣ ወደ ጎን በሩን፣ ወደ ታች የኮለኑን እግር ይመልከት። ጥያቄ ያጫረበት ሰው ባለሙያ ይጥራ። ይህን ጽሑፍም እንዲህ ያለ ጣሪያ ሥር ለሚውል ለምታውቁት ሰው አድርሱልኝ።

ቸር እንሰንብት።